ለብርዱ ወራት የተመረጡ ዛፎች

ጡረታ የወጡት ኤሌክትሪሻን ሚስታቸውን ከቀበሩ በኋላ ወንድ ልጃቸው ቤት ገቡ። ምራታቸው ነርስ ናት፤ ደግ፣ ግን ለወሬ ጊዜ የሌላት። ባሏ "ሞተር" ነው የሚላት።

አንድ ቀን ሽማግሌው ከችግኝ ሻጭ ዘንድ ፊታቸው በርቶ ተመለሱ።

"ልጄ፣ ብርድ ሲገባ ይሄ ጓሮ ራቁቱን ይቀራል። የሚሆኑትን ዛፎች መርጫለሁ። አንዷ የግራር ዘር ናት፤ ብርዱ ሲጀምር ጓሮውን ቢጫ ታለብሰዋለች። እሷ ስትደክም ኮኩ ይቀበላታል፤ እሱ ቅጠል እንኳ ሳያወጣ ነው የሚያብበው።"

ነርሷ ዩኒፎርሟን እየተኮሰች ነበር። ቀና እንኳ አላለችም።

"አባባ፣ ቅጠሉን ማን ይጠርጋል? አሸንዳውን ይደፍንብናል። ደግሞስ እነሱ አድገው እስኪያብቡ እርስዎ..."

አልጨረሰችውም። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

"እውነትሽን ነው፤ ችግኝና ሽማግሌ አይጠባበቁም" ብለው ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ነገሩ በዚያው ያለፈ መሰላት።

ጓሮው ላይ ሲሚንቶ ፈሰሰ። እሳቸው የዛፍ ነገር ዳግም አላነሱም። ብዙም ሳይቆዩ "የልጅ ልጆቼ ናፈቁኝ" ብለው ፎቅ ላይ ወደምትኖረው ሴት ልጃቸው ሄዱ።

ብርዱ ተመልሶ ሲመጣ ነርሷ ከሥራ ስትገባ ከሰው አጥር በላይ ቢጫ አበባ አየች። የትኛዋ ዛፍ እንደሆነች ወዲያው ገባት። እግረ መንገዷን ችግኝ ሻጩ ጋ ሄዳ እምቡጥ የያዘች አንዲት ገዛች፤ ከነላስቲኳ ታቅፋ የፎቁን ደረጃ ወጣች።

"ምነው ልጄ፣ ወገብሽ!" አሉ በሩን ሲከፍቱ። ከዚያ እምቡጧን በጣታቸው ነካ አደረጉ።

"አባባ፣ ያን ቀን ምነው አፌን በቆረጠው! ሲሚንቶውን አስፈነቅላለሁ። ይመለሱና እርስዎ ይትከሉልኝ።"

"ተይው፣ እዚህ ለምጃለሁ።" የችግኟን ላስቲክ አቃኑ። "ከወጥ ቤቱ መስኮት ትይዩ ትከያት። እኔማ ያሰብኩት ላንቺ ነበር። ከአዳር ሥራ ስትገቢ ፊትሽ ጠቁሮ አይሽ ነበር፤ ዓይንሽ የሚያርፍበት ነገር ይኑር ብዬ ነው።"

ችግኟን እንደገና ታቅፋ ወረደች።

ባሏ ሲሚንቶውን ሰበረላት፤ ግራሯም ኮኩም ተተከሉ። ብርድ በገባ ቁጥር ትደውላለች።

"አባባ፣ አብባለች። መጥቼ ልውሰድዎት?"

"እሺ ልጄ፣ ጉልበቴ ትንሽ ሻል ይበለው።"

ጉልበታቸው ግን ከዚያ ፎቅ መውረድን እንቢ ካለ ቆይቷል። ይህን እሷም ታውቃለች፤ መደወሏን ግን አልተወችም።