የሸጋ ጋሜ

ወርቅአየሁ የዚያን ዕለት ጠዋት ሦስት ጊዜ ተቀምጣ ሦስት ጊዜ ተነሣች። ጥጡን አነሣች፣ መልሳ ጣለችው። ደጅ ወጣች፣ ተመለሰች። ባሏ አዝመራው ከቆሰበር ገበያ ምላጭ ገዝቶ መጥቶ፣ «ዛሬ ይላጫል፤ ሰኞ ትምህርት ቤት አስገባዋለሁ» ካላት ወዲህ ልቧ አላርፍ ብሏል። ጊዜው የሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት መስከረም ነበር።

የሚላጨው ልጃቸው ነው። ስሙ አበረ ነው፤ በዚህ ስም የጠራው ሰው ግን የለም። ከእሱ በፊት ሁለት ወንዶች ወልዳ፣ ሁለቱም ዓመት ሳይሞላቸው ሞተውባታል። ሦስተኛው ሲወለድ አማቷ እማማ ዋጋዬ በአገውኛ፣ «ሞት የዚህን ቤት ወንድ ለምዷል፤ ሴት ነው በሉት» አሉ። ተባለም። ቀሚስ ተሰፋለት፣ ዶቃ ታሰረለት፣ እንደ ሴት ልጅ ጋሜ ተቆረጠለት፣ ሸጋ ተባለ። «ነይ»፣ «ሂጂ» እየተባለ አደገ። ቃሉ እስከ ሰባት ዓመቱ ድረስ ነበር፤ እነሆ ሞላው።

ልጁ ግን ሞት የተታለለበትን ነገር እውነት ብሎ ያዘው። እንዝርት ያሾራል። እናቱ ወገቧን ስትይዝ እሱም ወገቡን ይይዛል። ያን ጠዋት ቀሚሷን ጨብጦ፣ «ጋሜዬ ከተላጨ፣ ሳድግ አንቺን አልሆንም?» ብሎ ጠየቃት። እሷ ጋሜውን ዳበሰችለት።

ጎረቤት ተከራይቶ የሚኖረው አስተማሪ ደርበው የልጁን ነገር ሰምቶ፣ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት እንዲህ ብሏት ነበር፤ «እትዬ ወርቅአየሁ፣ የልጅን ልቡና የመረመሩ ሐኪሞች የጻፉትን ተምረናል። ልጅ በመጀመሪያ ራሱንና እናቱን አይለይም ይላሉ። ወንዱ ከእናቱ የሚላቀቀው ስለገፋችው አይደለም፤ አባት ከወዲያ እጁን ሲዘረጋለት ነው።»

«ባይዘረጋለትስ?»

ደርበው፣ «እሱን መጽሐፉም አጥርቶ አያውቀውም» አላት።

አዝመራው ምላጩን ይዞ ደጅ ተቀመጠና፣ «ና!» አለ። ልጁ ማን እንደተጠራ ለማየት ወደ ኋላው ዞረ። አባቱ ክንዱን ያዘው። ልጁ ጮኸ፣ እጁን ነከሰው፣ አምልጦም በአጥሩ ቀዳዳ ወጣ።

ወርቅአየሁ ነጠላዋን እንኳ አላነሣችም። ምንጩን አየች፤ የለም። ቤተ ክርስቲያኑን ዞረች፤ የለም። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች፣ «አንዲት ልጅ ወደ ዘንገና ስትሮጥ አይተናል» አሏት። ዘንገና ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱን የሚያውቅ የለም። እንዴት እንደደረሰች አታውቀውም። ልጁ ከውሃው በላይ፣ ከገደሉ አፋፍ ዛፍ ተደግፎ ተቀምጧል። እሷ ሳትጠጋው አዝመራው ከኋላዋ እያለከለከ ደረሰ።

«አትቅረበው!» አለችው። «ሰባት ዓመት ሙሉ ‹ልጅሽ› እንጂ ‹ልጄ› ብለህ ታውቃለህ? አንድ ቀን አቅፈኸው ታውቃለህ? በቀሚሱ አፍረህ!»

አዝመራው የተነከሰ እጁን አነሣ።

«ሁለቱን በዚህ ክንዴ ታቅፌ ነው ወደ መቃብር የወሰድኋቸው» አላት። «ሦስተኛውን ካቀፍሁት እሱም የሚሄድ መሰለኝ። ፈራሁ እንጂ አላፈርሁም።»

ይህን ከአፉ ሰምታ አታውቅም።

አዝመራው ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። ምላጩን ከመቀነቱ አወጣና ራሱን አጎንብሶ፣ «በይ፣ መጀመሪያ የእኔን ላጪ» አላት።

ነጠላ ስለሌላት ወደ ውሃው ወርዳ የቀሚሷን ጫፍ ነከረችና ጠጉሩን አራሰችው፤ ላጨችውም። ልጁ ከዛፉ ሥር ያያል። አንድ እርምጃ ቀረበ። ሌላም ቀረበ። ጠጉሩ ሲያልቅ መዳፉን በአባቱ ራስ ላይ አሳረፈ።

«ይቀዘቅዛል» አለና ሳቀ።

ከዚያም ማንም ሳይለው በአባቱ ጉልበት መካከል ገብቶ ተቀመጠ። አዝመራው ምላጩን ተቀብሎ ጀመረው፤ የጨረሰችው ግን ወርቅአየሁ ናት። ልጁ ዶቃውን አልሰጥም ቢል አባቱ፣ «ይኑርለት» አለ።

ሰኞ ጥብቆ ለብሶ ከአባቱ ጋር ሄደ። ዞሮ አላያትም። እሷ ግን እስኪመለስ ድረስ አንዱን ደጅ አሥር ጊዜ ጠረገችው፤ ደስታ ይሁን ኀዘን ለራሷም አልለይላት አለ።

በኅዳር ልጁን ትኩሳት ጣለው። እማማ ዋጋዬ፣ «ሞት ወንድነቱን አወቀ፣ ቀሚሱን መልሱለት» ብለው አለቀሱ። ወርቅአየሁ ቀሚሱን ከሳጥን አወጣች፣ አጥፋ መለሰች፣ ደግሞ አወጣች። አዝመራው ግን፣ «አበረ ነው፣ አበረ ሆኖ ይድናል» ብሎ ልጁን ታቅፎ ተቀመጠ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ለማንም አልሰጠም። በሦስተኛው ቀን ልጁ ዓይኑን ገለጠና ቆሎ ጠየቀ።

ወርቅአየሁ ልትቆላ ስትነሣ አዝመራው፣ «ቁጭ በይ» አላት። ልጁን እሷ ተቀበለችና አዝመራው ወደ ጓዳ ገባ። በሕይወቱ ቆልቶ አያውቅም፤ ግማሹን አሳረረው።