የገዛ ጭራ

ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ላይ ስቃ ነበር ያለፈችው። አባቷ ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን መጥተው፣ ሲመለሱ ግን በወጥ ቤት በኩል ዞረው ሲገቡ አየቻቸው።

«አባባ፣ በመጡበት አይመለሱም እንዴ?»

«ጭራዬን ልንካ?» አሏት፣ እንደ ሞኝ እያዩዋት።

ነገሩ ወዲያው ገባት። ሽማግሌው ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ፤ አርባ ዓመት ሙሉ ከሥራ ሲመለሱ ከቴሌቪዥን ጋር በሚገናኝ፣ ጨዋታውን ከካሴት በሚያነብ አሮጌ ኮምፒውተር አንዲት ጨዋታ ብቻ ሲጫወቱ ኖረዋል። አረንጓዴ እባብ በግድግዳዎች መሃል ይሄዳል፣ ነጥብ ይበላል፣ በበላ ቁጥር ይረዝማል። መቆም የለም። የገዛ ጭራውን ከነካ ይሞታል፤ ከሦስት ነፍሶቹ አንዷ ተቀንሳ ከመጀመሪያው ይጀምራል። አሁን የመርሳት በሽታ የሚስታቸውን ስም እንኳ ወስዶባቸው ይህችን ሕግ ብቻ ትቶላቸዋል። አያናድድም?

ኮምፒውተሩን ነቅላ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ባሰ እንጂ አልተሻለም፤ ስክሪኑ ሲጠፋባቸው ቤቱን ራሱን መጫወቻቸው አደረጉት። እሷ ደግሞ ሥራ ካልገባች አይሆንም፤ ቀን ቀን ብቻቸውን ይውላሉ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ብቻቸውን መተዋቸው አላስችል ብሏት፣ ከስፌት ቤቱ ቀደም ብላ ወጣች። አራት ፎቅ በሩጫ ወጥታ በሩን ስትከፍት ሽማግሌው በረንዳ ላይ ናቸው። አንድ እግራቸው ከብረቱ አጥር ማዶ ነው።

ክው አለች።

«አባባ! ይመለሱ እንጂ!»

«በየት በኩል?» አሉ ተቆጥተው። «ቤቱን በሙሉ ሄጄበታለሁ። የቀረኝ ይሄ ነው።» ባዶውን አየር በጣታቸው አሳዩዋት።

ብትሮጥ አትደርስባቸውም፣ ብታለቅስ አይሰሟትም። አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች።

«አባባ፣ ጭራዎን ነክተዋል። ሞተዋል።»

«ሞትኩ?»

«ሞተዋል። ጭራው ጠፍቷል፣ ከመጀመሪያው ይጀምሩ።»

የወለደን አባት ፊት ለፊት «ሞተዋል» ማለት! ምላሷን ጠላችው። እሳቸው ግን እፎይ ብለው እግራቸውን መለሱ፤ ገብተውም አልጋቸው ላይ ተቀመጡ። እሷም ወለሉ ላይ ተቀምጣ እጃቸውን ያዘች።

«እንግዲህ አንዲት ነፍስ ቀረችኝ» አሉ በእርጋታ።

«ሁለት አይደል? ጨዋታው የሚሰጠው ሦስት ነው።»

«አንዷን ጠዋት ጨረስኳት፤ አንቺ እንደ ወጣሽ።»

«ጠዋት የት ነው የሞቱት፣ አባባ?»

ሽማግሌው ግንባራቸውን ይዘው አሰቡ፣ አሰቡ። ጠፋባቸው።