የካይዘር የልጅ ልጅ

አምቦ ከተቆረቆረች ወዲህ እንደ ኦቦ ጋሮማ ዘር የሚቆጥር ሰው አልተወለደም። ጋብቻ ሲታሰብ ሁለቱም ወገኖች እሱ ዘንድ ይመጣሉ፤ እሱም የወንዱንም የሴቷንም ሰባት ቤት በጣቱ ይቆጥራል። አንዴ ድንኳን ተተክሎ፣ አርባ በሬ ታርዶ (አራት ነው የሚሉም አሉ)፣ ሙሽሮቹ አምስተኛው ቤት ላይ ቢዛመዱበት ሠርጉን በትኖ ሰዉን ሥጋውን ብቻ አብልቶ ሸኝቷል።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ ውሻው የሞተበት ሰሞን መናኸሪያው በር ቆሞ ምላሱን ያልሰበሰበው። ከጉደር ንጹሕ የጀርመን ቡችላ ይዤ ካልመጣሁ፣ ዲቃላ ይዤ ከታየሁ፣ ከእንግዲህ ዘር አልቆጥርም አለ። ትኬት ቆራጩ ቀጀላ፣ የሃያ ዓመት ተፎካካሪው፣ ቃሉን በሰው ፊት ተቀበለ። በመጪው እሑድ የገዛ ልጁ የኡርጂ ዘር ለጋብቻዋ በጋሮማ እንደሚቆጠር ያን ጊዜ ትዝ አላለውም።

ጉደር ያለው ሲሞን የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ወደ ሆሳዕና ሊዛወር ጓዙን እያሰረ ስለነበር ከሁለቱ ቡችሎች የወደደውን እንዲወስድ ነገረው። ጀርመኑ ጀርባው ጥቁር፣ መዳፉ የጥጃ ኮቴ የሚያህል፣ ከአዲስ አበባ ከነወረቀቱ የመጣ ነው። ዲቃላው ዝንጉርጉር ነው፤ አንድ ጆሮው ቆሟል፣ አንዱ ወድቋል፤ ጋሮማ ከገባ ጀምሮ የጫማውን ክር ያኝካል።

ጋሮማ ጀርመኑን አቅፎ ሊወጣ ሲል ወረቀቱን አየ። ዘር የተጻፈበት ነገር ሳያነብ የሚያልፍ ሰው አይደለም። መነጽሩን አድርጎ፣ ጣቱን ዘርግቶ ጀመረ። ሁለተኛው ቤት ላይ ጣቱ ቆመ። እንደገና ቆጠረ።

«ሲሞን፣ በአባቱ በኩል ያለው ካይዘርና በእናቱ በኩል ያለው ካይዘር ምንና ምን ናቸው?»

«አንድ ውሻ ነው፣ ጋሼ።»

«አባቱና እናቱ የአንድ አባት ልጆች ናቸው ማለት ነው?»

ሲሞን ሳቀና ዘሩ እንዳይበረዝ ሆን ተብሎ የሚደረግ መሆኑን አስረዳው። ጋሮማ አልሳቀም። ቡችላውን ቀስ አድርጎ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው፣ መሬት አስቀመጠው።

ከዚያ ስለ ዲቃላው መጠየቅ ያዘ። እናቱ የጎረቤት ናት፣ የጉደር ተወላጅ። የእናቷ እናት? ከአምቦ የመጣች። አባቱስ? እህል የጫነ መኪና ተከትሎ ከጊንጪ መጥቶ እዚያው የቀረ። የእሱ እናት? አዲስ ዓለም መንገድ ዳር ያለች ነጋዴ ያሳደገቻት። ሦስት ሰዓት ሙሉ ጠየቀ፤ ጎረቤት ሁሉ ተጠርቶ መሰከረ። የአባቱና የእናቱ ዘር የትም አልተገናኘም።

አመሻሹ ላይ ዲቃላውን አቅፎ አምቦ መናኸሪያ ሲወርድ ቀጀላ የወደቀችውን ጆሮ ከሩቅ ለያት።

«አንተ ጋሮማ፣ ጀርመኖች ጆሮ እንዲህ ማንጠልጠል ጀመሩ? በል፣ ከዛሬ ወዲያ ቆጠራ የለም።»

ጋሮማ የካይዘርን ቤት ጉድ፣ የዲቃላውንም ዘር አንድ በአንድ ተረከለት። በመጨረሻም፣ «የእህትና የወንድም ልጅ ያቀፈ እጅ ነው እሑድ የኡርጂን ዘር የሚቆጥርልህ?» አለው።

የቀጀላ ልጅ በአንድ በኩል፣ የያዘው ቃል በሌላ በኩል ነበሩ። ጎንበስ ብሎ የቆመችውን ጆሮ ነካ ነካ አደረጋት።

«አባቱ የጊንጪ ነው አልከኝ?» አለ። «ጊንጪ ከማን ቤት?»