ዘሀራ ባስኩል ላይ ወጣች

የመርሳው እህል ነጋዴ ረዲ በሚስቱ ውፍረት የሚኮራው እንደ ሱቁ ታፔላ ነበር። አርባ ሁለት ዓመት የሞላት ዘሀራ፣ «ለአብዮት በዓል ወልድያ ላይ ገመድ ጉተታ እገባለሁ» ስትለው ክው አለ።

«በልምምዱ ከከሳሽ እኮ ረዲ ሚስቱን አስራባት ይሉኛል! በእህሉ ባስኩል እመዝንሻለሁ። ከአሁኑ ሰባ ኪሎሽ ፍንክች ካልሽ መሄድ የለም!»

«እሺ» አለች ዘሀራ።

ሁለት ወር ሙሉ ግማሽ ጆንያ ማሽላ ተሸክማ ከመጋዘን ደጅ፣ ከደጅ መጋዘን ተመላለሰች፤ ገንፎዋንም ሳትሰስት በላች። ክንዷ እንደ ዘነዘና ጠጠረ።

የበዓሉ ሰሞን፣ በገበያ ቀን፣ ባስኩሉ ላይ ወጣች። ልክ ሰባ! ረዲ ደጋግሞ መዘነ፤ ያው ሰባ።

«ወላሂ ይህ ባስኩል አብዷል! መቀነትሽ አንድ ዙር ተርፎ ኪሎሽ እንዴት አልቀነሰም?»

«ከተጠራጠርክ በራስህ እንሞክረዋ፣ ረድዬ!» አለችና ባሏን ወገቡን ይዛ እንደ ጆንያ ብድግ አድርጋ ባስኩሉ ላይ አቆመችው። ገበያተኛው በሳቅ ፈረሰ።

ረዲም እዚያው እንደቆመ መሳቅ ጀመረ። «በቃ ሂጂ! ለወልድያ ሴቶች አላህ ይሁናቸው!»