ቁም ሳጥኑ የት ይቁም?

እናትየው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ቁም ሳጥኑ ካልሄደ እኔም አልሄድም።"

ቤቱን ያከራያቸው ሰው ሊያፈርሰው ስለሆነ መውጣታቸው የቁርጥ ነበር። የሚሄዱትም ሴት ልጃቸው ዘንድ ነው፤ ፎቅ ላይ፣ አንዷ መኝታ ክፍል ለእሳቸው ተለቃለች። ሟቹ ባለቤታቸው አናጢ ነበሩ፤ ያንን ባለ ሦስት በር ቁም ሳጥን በገዛ እጃቸው ሠርተውት ነው ያለፉት። እንኳን ሊሸከሙት ሊገፉትም ይከብዳል።

ልጅየዋ የቤት ውስጥ ዲዛይነር ናት። ለሰው ሳሎን ሶፋ ስታስቀምጥና ስታነሳ ስለምትውል፣ ለእናቷ አንድ ቁም ሳጥን ማስቀመጥ መች ያቅተኛል ብላ፣ "እማዬ፣ ክፍልሽን ኮምፒውተር ላይ ሠርቼ፣ እሱንም አስገብቼ አሳይሻለሁ" አለቻቸው። የሥራ ባልደረባዋ ጢሞ (ጢሙ ከሱ ቀድሞ በር ስለሚገባ ነው እንዲህ የሚሉት) እናትየው ቤት ሄዶ ቁም ሳጥኑን ለክቶ፣ ፎቶ አንስቶ የኮምፒውተር ሞዴሉን ሠራላት።

ቅዳሜ ከሰዓት እናትና ልጅ ኮምፒውተሩ ፊት ጎን ለጎን ተቀመጡ። ክፍሉ ከነመስኮቱ፣ ከነበሩ፣ ከነአልጋው ተሠርቶ አልቋል። የጢሞን ፋይል አስገባች። ምንም አልታየም።

"የታለ?" አሉ እናትየው።

"ቆይ እማዬ።"

ምስሉን አራቀች፣ አሁንም አራቀች። አንድ ግራጫ ተራራ ብቅ አለ፤ ክፍሉ ከሥሩ እንደ ክብሪት ቀፎ ተወሽቋል። ጢሞ በሚሊሜትር የሠራውን ፕሮግራሙ በሜትር አንብቦት ኖሯል። መለኪያውን አስተካክላ እንደገና አስገባችው። አሁን ልኩን አገኘ፤ ግን በጀርባው ተንጋሏል፣ ቀለሙም ነጭ ነው።

"ምነው ተጋደመ? ነጭ ደግሞ ለብሷል። ልጄ፣ ይሄ እኮ የሬሳ ሳጥን ነው!"

"ላይና ታቹ ተምታቶበት ነው።" ልትስቅ ሞከረች፤ ሳቁ አልመጣላትም። አዙራ አቆመችውና ጢሞ ጋ ደወለች።

"እንጨቱ የለም፤ ነጭ ሆኖብኛል።"

"ውይ! የእንጨቱን ፎቶዎች ለብቻ ነው ያስቀመጥኳቸው። ከፋይሉ ጋር አንድ ቦታ ካላደረግሻቸው አያገኛቸውም። አሁን ልላክልሽ።"

ላከላት፤ ቁም ሳጥኑ እንጨቱን ለበሰ። አሁን ደግሞ ሁለቱ በሮች ጠፉ፤ ከፊት ሲያዩአቸው የሉም፣ ዞረው ከኋላ ሲያዩአቸው አሉ። ፕሮግራሙ የሚያሳየው አንዱን ገጽ ብቻ ነው፤ የበሮቹ ገጽ ደግሞ ወደ ውስጥ ዞሮ ነበር። አንድ በአንድ ገለበጠቻቸው።

በመጨረሻ ቁም ሳጥኑ ራሱን መሰለ። እናትየው የመሃለኛው በር ላይ ወዳለችው ጭረት ጣታቸውን ሰደዱ።

"ይቺን በሚስማር የጫርሻት አንቺ ነሽ። አባትሽ ሊገርፍሽ ተነስቶ ሳቁ አሸነፈው።"

ልጅየዋ ቁም ሳጥኑን ወደ አንዱ ግድግዳ ብታስጠጋው በሩን ዘጋ። ወደ ሌላው ብትወስደው መስኮቱን ከነብርሃኑ ዋጠው። አልጋው ካልወጣ በቀር መግቢያ የለውም። የቅድሙ ጣጣ ሁሉ መላ ነበረው፤ አሁን ግን የሚታረም ስህተት አልቀረም፣ ሁሉም ልክ ነው። እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች።

"አልገባም አይደል?"

"አልገባም እማዬ።"

"ቅድም ተራራ ያከለውን አሳንሰሽው የለ? ትንሽ ደግሞ ብታሳንሺውስ?"

"የማሳንሰው እኮ ሥዕሉን ነው።"

"አውቃለሁ። አሳንሺው።"

ጥጉን ይዛ ጎተተችው። አልጋው ጎን ልክክ አለ። እናትየው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ቆዩ።

"እዚያ ጋ ያምርበት ነበር" አሉ።

ልጅየዋ ተነስታ ኩሽና ገባችና ያልጠማትን ውሃ ቀዳች።

በሳምንቱ ታላቅ ወንድሟ መጥቶ "ወገቡ ላይ ቆርጠን ለሁለት ብንከፍለውስ?" አለ።

"መጀመሪያ እኔን ቁረጠኝ" አሉት እናትየው። ከዚያ ወዲያ ደፍሮ የተነፈሰ የለም።

አፍራሾቹ በር ላይ ሲቆሙ ግን ምርጫ ጠፋ። ቁም ሳጥኑን ወንድምየው ወሰደው፤ እሱም ቤት የሚያስገባበት ስላጣ በረንዳው ላይ ላስቲክ አልብሶ አቆመው። እናትየው ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ልብሳቸውን አጣጥፈው ወንበር ላይ ይደረድራሉ። "ትንሽ ቁም ሳጥን ላሠራልሽ?" ባለቻቸው ቁጥር "ይቆይ" ይላሉ።

ዝናብ ሲጀምር ወደ መስኮቱ ይሄዳሉ።

"ላስቲኩን ነፋስ ገልጦት ይሆን?"

"አስሮታል እማዬ፣ አስሮታል" ትላለች። ማሰሩን ግን አታውቅም።