ስድስት ዓመት የዘለቀ ኩርፊያና አንድ ድስት ዛጎል

ጎረቤቴ መህቡባ የእህቷን ልጅ ወሲላን ካኮረፈች ስድስት ዓመት አልፏት ነበር። ያጣላቸው ዛጎል ነው።

ከጋቤስ ከተማ በስተደቡብ፣ ባሕር ዳር ባለችው መንደራችን እኛ ሴቶች ልጆቻችንን ያሳደግነው ጭቃ ውስጥ የሚኖረውን፣ ሥጋው የሚበላውን ዛጎል ለቅመን እየሸጥን ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃው ላይ እናጎነብሳለን፤ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ባየንበት ማጭዳችንን ሰክተን እናወጣዋለን። ወሲላም ያደገችው በዚሁ ነው። ስፋቅስ ከተማ ተምራ ላቦራቶሪ ከተቀጠረች በኋላ ግን፣ አሮጌ ባትሪ ከሚፈጨው ፋብሪካ የሚወርደው ካድሚየም የሚባል መርዛማ ብረት የዛጎሉ ሥጋ ውስጥ መከማቸቱን መርምራ ያገኘችው እሷው ሆነች። ለቀማው ተከለከለ።

እኛም ሳናውቅ ቀርተን አይደለም። ግልገል ዛጎል ማየት ካቆምን ቆይተናል፤ የባሕሩ ሣርም ጠቁሮ ሞቶ ነበር። መህቡባ ግን "ባሕሬን የዘጋችብኝ እሷ ናት" ብላ ቁርጥ አደረገች።

ከዚያ ወዲህ ወሲላ ናሙና ልትወስድ በመጣች ቁጥር የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ሆነ። ያውም ሦስታችን አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን!

"ሕንያ፣ ያቺን ዶክተር ከስተሻል በያት። ትብላ።"

"እትዬ ሕንያ፣ እሷ ካበሰለችው እበላለሁ ብላለች ይበሉልኝ።"

ወሲላ የምርመራ ወረቀቷን፣ እኛ ማጭዳችንን ይዘን፣ ፋብሪካው ፍሳሹን ያቁም እያልን ቢሮ ለቢሮ ስንንከራተት እንኳ መህቡባ ከሁላችን ፊት ነበረች፤ ከወሲላ ጋር ግን ቃል አልተነፈሰችም። በመጨረሻ የፋብሪካው የፍሳሽ ቦይ ተደፈነ። እኛም ባሕሩ እስኪጠራ ጠበቅን።

ዘንድሮ በጸደይ ወሲላ ጫማዋን በእጇ ይዛ በባሕሩ ዳር እየሮጠች መጣች።

"ወረደ! ወረደ!"

"ሕንያ፣ ምኑ ነው የወረደው በያት" አለች መህቡባ።

"ብረቱ ነዋ! ሦስት ጊዜ መረመርነው፤ ሦስቱንም ጊዜ ከገደቡ በታች ነው። ከነገ ጀምሮ መልቀም ተፈቅዷል!"

መህቡባ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች። "ወረቀት አይበላም። መጀመሪያ ራሷ ትቅመሰው።"

በማግስቱ አርባ ሴቶች ጭቃው ውስጥ ገባን። ጥፍር የምታክል ግልገል ባየን ቁጥር እንደ ሕፃን እየተጯጯኽን መልሰን እንቀብራታለን። መህቡባ ትልልቆቹን በቲማቲም፣ በነጭ ሽንኩርትና በበርበሬ ሠርታ፣ ሳህኑን ወሲላ ፊት ዷ አድርጋ አስቀመጠችው። ሁላችንም አፍ አፏን አየን።

ወሲላ አላመጠች፤ ዋጠች። "ጨው አንሶታል" አለች።

"ምን አልሽ?" መህቡባ ብድግ አለች። "አንቺ አመዳም! ስድስት ዓመት ሙሉ ባሕር አስርበሽኝ፣ ዛሬ ደግሞ ጨው አንሶታል ትይኛለሽ?"

አንዷ "አናገረቻት!" ብላ ጮኸች፤ እልልታው ቀለጠ። መህቡባም የሠራችው ገብቷት በሳቅ ፍርስ አለች፤ እንባዋን በመጎናጸፊያዋ ጫፍ እየጠረገች ወሲላን አንገቷ ስር አቅፋ ሳመቻት።

ድስቱን አሟጠን በላን። ወሲላ ልትሄድ መኪናዋን ስታስነሳ መህቡባ በመስኮቱ አንገቷን አስገብታ፣ ስለ ባል፣ ስለ ፀጉሯ ማጠር፣ ስለ መኪናዋ አቧራ ግማሽ ሰዓት ነዘነዘቻት። ወሲላም ሞተሩን አጥፍታ አዳመጠቻት።