ቀድሞ የተሞላው ቅጽ

የሰው ሰገራ አስጠልቶኝ አያውቅም ነበር። ልኩራራ ብዬ አይደለም የምናገረው፤ በሽታዬ እሱ ራሱ እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው። በሆስፒታሉ ላቦራቶሪ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በቀን ሰማንያ ዘጠና ብልቃጥ እየከፈትኩ፣ በስንጥር እየጠነቆልኩ፣ ስላይድ ላይ እየቀባሁ በማይክሮስኮፕ ሳይ ኖሬያለሁ። መጀመሪያ ላይ ያቅለሸልሸኝ ነበር። ኋላ ለመድኩት። ይባስ ብሎ ሽታው ጭራሽ ጠፋኝና ምሳዬን እዚያው ብልቃጦቹ አጠገብ መብላት ጀመርኩ።

የሚያስጠላኝ ሰው ነበር። በመስኮቷ ብልቃጥ የሚያቀብሉኝ እጆች ያስጠሉኛል። «ውጤቱ መቼ ይደርሳል?» የሚል ድምፅ ያንገሸግሸኛል። «እንደምን አደርሽ» የሚለኝን ሰው ደግሞ ምን ፈልጎ ነው እለዋለሁ። እህቴ ስትደውል ስልኩን ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ። ቤት ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋ ላይ እጋደምና ጣሪያውን እያየሁ ራሴንም እጸየፋለሁ።

አለቃችን በዚህ መሀል «የዓመቱ ታታሪ ሠራተኛ» ብሎ የምስክር ወረቀት ሰጠኝ። በፍሬም አድርጎ ከማይክሮስኮፔ በላይ ሰቀለልኝ። «እሷን እዩ! የዓመት ፈቃድ የሚባል ነገር አታውቅም» እያለ እጄን ጨበጠኝ። መዳፉ አልቦት ነበር። ቀኑን ሙሉ እጄን በሳሙና ስፈትግ ዋልኩ። ሰገራ የማያስጠላት ሴት በአለቃዋ ላብ ልትሞት!

ታታሪነቴ ምን ይመስል እንደነበር ልንገራችሁ። በክፍላችን አንድ ልማድ ነበር። ጠዋት ገና ሥራ ሳንጀምር የቀኑን ቅጾች በሙሉ «አልታየም» ብለን እንሞላለን፤ ተውሳክ አልታየም ማለት ነው። እንፈርምበታለንም። ከዚያ ስንመረምር የተገኘበትን ብቻ እየሰረዝን እናስተካክላለን። አብዛኛው ሰው ንጹሕ ስለሆነ ጊዜ ይቆጥባል እንል ነበር። እንዲህ የማያደርገው ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው ባልደረባችን ብቻ ነው። አንዱን ስላይድ አይቶ፣ ብዕሩን ከፍቶ፣ ጽፎ፣ ብዕሩን ከድኖ ነው ወደ ሌላው የሚሄደው። «ጋሽ ቀስበቀስ» አልነው።

«ጋሼ፣ እንቁላሉ መቼ ነው በእግሩ የሚሄደው?» እያልኩ አላግጥበታለሁ።

«ይሄዳል ልጄ፣ ይሄዳል» ይለኛል እየሳቀ።

ኋላ ሁለት ሠራተኞች ለቀቁና የእነሱ ብልቃጥም ወደ እኔ መጣ። ከሰዓት በኋላ ዓይኔ ሲዝል የመጨረሻዎቹን ሃያ ብልቃጦች ሳልከፍት መጣል ጀመርኩ። ቅጹ እንደሆነ ቀድሞ ተሞልቷል። የመጀመሪያው ቀን ልቤ ደነገጠ። በሁለተኛው ቀን ምንም አልተሰማኝም።

እናቴ የምትኖረው ከታላቅ እህቴ ጋር ነው። ያን ሰሞን በስልክ «ሰውነቴን ድካም ድካም ይለኛል» ብትለኝ፣ «እኔስ? እኔ ብረት መሰልኩሽ?» ብዬ ዘጋሁባት። ከዚያ ወዲህ ስለ ድካሟ አንስታብኝ አታውቅም። በሽተኛ ስላነሰኝ ነው እናቴን የምሰማው ብዬ እኔም አልጠየቅኳትም።

አንድ ቀን እህቴ ሦስት ጊዜ ደወለች። ሦስቴም ስልኩን ገለበጥኩት። በአራተኛው አነሳሁት።

«እማዬ ጓሮ ውስጥ ወድቃ አገኘኋት። እናንተ ጋ ድንገተኛ ክፍል ነን» አለችኝ።

ደረጃውን ወርጄ ስደርስ እናቴ አልጋ ላይ ናት። መዳፏ ነጥቷል፤ ከንፈሯም ቀለም የለውም። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ካርዷን እያገላበጠ፣ «ደሟ በጣም ወርዷል። የሰገራ ምርመራዋ ንጹሕ ስለሆነ ሆዷ ውስጥ የሚደማ ነገር ይኖራል ብለን ነው። ነገ በጉሮሮዋ ቱቦ አስገብተን እናያለን» አለን።

«የምን የሰገራ ምርመራ?» አልኩ።

እህቴ ከቦርሳዋ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። አልታየም። ከሥሩ ፊርማዬ። ቀኑ የዛሬ ዘጠኝ ቀን ነው።

«ብቻዋን ነው የመጣችው። አንቺን እንዳናስቸግርሽ ብላ» አለች እህቴ።

እናቴ ዓይኗን ገለጠች። «ከሰዓት በኋላ በመስኮቷ ሰጠሁሽ እኮ። ቀና አላልሽም። ‹ቀጣይ!› ብለሽ ስትጮሂ፣ ሥራ በዝቶባታል ብዬ ሄድኩ።»

አላስታውስም። የዚያን ቀን ካስጠሉኝ እጆች አንዱ የእሷ ነበር ማለት ነው። አጥቦ አጉርሶ ያሳደገኝን እጅ አላወቅኩትም።

ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም ብል ማንም አይነቃብኝም ነበር። ቱቦውን ያስገባሉ፣ ምንም አያገኙም፣ ሌላ ይፈልጋሉ፤ እሷ ደግሞ በየቀኑ እየነጣች ትሄዳለች። እናቴ የሐኪሙን እጅ በፍርሃት ታያለች፤ የቱቦው ነገር ጨንቋታል።

«ያን ወረቀት አትመኑት» አልኩ። «ሳላየው ነው የፈረምኩት።»

«ምን አልሽ?» አለች እህቴ።

«ብልቃጡን አልከፈትኩትም።»

ጫማዋ ሥር የተጣበቀ ቆሻሻ የምታይ ይመስል አየችኝ። አልፈረድኩባትም። እኔም ራሴን የማየው እንደዚያው ነበር።

አዲስ ናሙና ተሰጠና ጋሽ ቀስበቀስ መረመረው። በሩ ላይ ቆሜ ስጠብቅ ብዙ ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «የመንጠቆ ትል ነው። እንቁላሉ ሞልቷል» አለኝ። እናቴ ጓሮዋን በባዶ እግሯ ነው የምትኮተኩተው፤ ትሉ በእግር ነው የሚገባው። እንቁላል ሲለኝ ሁለታችንም የእኔ ቀልድ ትዝ አለን። እሱ ግን አልሳቀም።

አለቃዬ ቢሮው ጠርቶኝ በሩን ዘጋ። «ከነገሩ ጦም እደሩ ነው። ከዚህ ክፍል አይውጣ። አንቺም ስም አለሽ፣ እኔም አለኝ» አለኝ። ያ ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል። ከእሱ ቢሮ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄድኩና ልማዳችንንም የእኔንም ጥፋት አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሳልከፍት ያሳለፍኳቸው ሰዎች ተጠርተው እንደገና ተመረመሩ። በአሥራ አንድ ሰው ላይ ተውሳክ ተገኘ። የካርድ ቁጥራቸውን ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ።

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ከዚያም የአእምሮ ሐኪም እንዲያየኝ ተላክሁ።

«መጨረሻ የሳቅሽው መቼ ነው?» አለኝ ሐኪሙ።

«ምን አገባህ?» አልኩት።

አልተቆጣም። የስድስት ሳምንት እረፍት ጻፈልኝና፣ «ዝለሻል። እንቅልፍ የማይመልሰው ዝለት ነው፤ ብዙ ሰው ስንፍና ይመስለዋል» አለኝ። ቃሉ አስጠላኝ፤ ማምለጫ መሰለኝ። ዝዬም ነበር፣ አጥፍቼም ነበር። አንዱ ሌላውን አያጥበውም።

እህቴ ቤት ሄጄ ተኛሁ። መጀመሪያ ሳምንት ከእናቴ በላይ የተኛሁት እኔ ነኝ። እሷ መድኃኒቷን ወስዳ ፊቷ ሲቀላ እኔ ግድግዳውን አያለሁ። እህቴ አታናግረኝም፤ ምግቤን ግን በሰዓቱ በሩ ላይ ታስቀምጥልኛለች። በሁለተኛው ሳምንት ተነስቼ በር ላይ መቀመጥ ጀመርኩ። በሦስተኛው ከእናቴ ጋር ጎመን ቀነጠስኩ፤ አዲሱን ቦቲ ጫማዋን እየተራገመች አጠለቀችው።

አንድ ጠዋት ኩሽና ስገባ የሆነ ነገር አፍንጫዬን በጥፊ አለኝ። አቅለሸለሸኝ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

«ኧረ ምንድነው እንዲህ የሚገማው?» አልኩ።

«ቆሻሻው ነው። ሦስት ቀኑ» አለች እህቴ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ። «አፍንጫሽ ዛሬ ገና መጣ?»

በሦስት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያናገረችኝ ያኔ ነው። ቅርጫቱን አንስቼ እያቅለሸለሸኝ ደጅ አወጣሁት። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው።

ሥራ የተመለስኩ ዕለት የምስክር ወረቀቱን አወረድኩትና ከመሳቢያው ሥር ከተትኩት። ሁለት አዲስ ሠራተኞች ገብተዋል። ቅጽ አስቀድሞ መሙላት ተከልክሏል። የመስኮቷ ወንበር የእኔ ነው፤ የሚመጣውን ሁሉ ቀና ብዬ አያለሁ። አንዳንዱ ፊት ዛሬም ያስጠላኛል፣ አልዋሽም። ቢሆንም አየዋለሁ።

ረፋድ ላይ አንድ የማውቀው እጅ ብልቃጥ አቀበለኝ። እናቴ ለክትትል ተሰልፋ ነው፣ ቦቲዋን እንዳጠለቀች። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ክዳኑን ስከፍት ሽታው መጣብኝ። ፊቴን አዞርኩ።

«ውይ፣ ሸተተሽ ልጄ?» አለች ተሳቅቃ።

«በጣም!» አልኳት። ከኋላዬ ጋሽ ቀስበቀስ ሲስቅ ሰማሁት።

እናቴ በመስኮቷ አንገቷን አስግጋ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ወረቀት አየች። ባዶ ነው።

«ታዲያ ምን ይላል? ድኛለሁ?»

ብዕሬን ከድኜ አስቀመጥኩና ስላይዱን ማይክሮስኮፑ ሥር አስገባሁ።

«ቆይ እማዬ» አልኳት፤ «ገና አላየሁትም።»